ማን ላካት?

ዘይነባ መደቡን ጥላ አልሄደችም። ተልካ ነው የሄደችው። እስክሪብቶ የጨበጥሁት ይህ ቃል አብሮኝ መቃብር እንዳይወርድ ብዬ ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት ነኝና አጻጻፌ ቢሻክር አትፍረዱብኝ። ነገሩ ግን እውነት ነው። አንዲት ሴት ባላጠፋችው ጥፋት ከሥራዋ ተባረረች፣ ስሟ ጠፋ፣ አገር ለቃ ሄደች። ጥፋቱን የሚያውቀው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ «ውርጭ ነው» አለ። በደሉ ይኸው ነው።

ይህን ስንት ዘመን በሆዴ ይዤው ኖርሁ። ባለፈው ጥር የልጄ ልጅ መቅደስ ቀሰቀሰችብኝ። መቅደስ ስለ ተክል ተምራ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ከከተማው በታች ወንዙ ዳር ያለውን የችግኝ ጣቢያ በኃላፊነት ይዛለች። እኔ በወጣትነቴ እጄን ያሻከርሁበት ቦታ ነው። አንድ ጠዋት ከሥራ ፊቷ ጠቁሮ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ስልክ ደወለች። እኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ምስር እለቅማለሁ።

«አዎ ጌታዬ፣ ውርጭ ነው» ትላለች። «የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፣ ምን ይደረጋል። አዎ፣ ከታች ያለው ፅድ በሙሉ ተቃጥሏል። ውርጭ ነው።»

ሰፌዱ ከጭኔ ወደቀ፤ ምስሩ በረንዳውን ሞላው።

«ውርጭ እጅ አለው?» አልኋት፣ ስልኳን ስትዘጋ።

«እንዴት ማለትዎ ነው እማዬ?»

«የችግኙን ክዳን የሚገልጥበት እጅ አለው ወይ ነው የምልሽ።»

«ክዳን አልነበረማ። ለክዳን የሚሆነው ሳር ሳይታጨድ ቀረ።»

«ማን ነበር ማሳጨድ ያለበት?»

ስልኳን አየች፣ እግሯን አየች፣ የተበተነውን ምስር አየች። «እኔ» አለች በቀጭኑ።

«እንግዲያው ውርጭ አትበዪ።»

«እማዬ ደግሞ! እርስዎ አይገባዎትም። አሁን በቅርቡ እንኳ ደሴ ሄደን በሥራ ቦታ ስለ ተጠያቂነት ባህል ሠልጥነን መጥተናል። ነገሩ ሥርዓት አለው፣ አካሄድ አለው…»

«ሥልጠናው ላይ ምን አበሏችሁ?»

«ክትፎ» አለች፤ ሳታስበው።

«ክትፎ በልቶ ውርጭ ማለት! እኛ በቆሎ በልተን ነው ውርጭ የተባልነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እንድትቀመጥ አዘዝኋትና ምስሩን አብረን እየለቀምን ለማንም ሙሉውን ነግሬው የማላውቀውን ነገር፣ የአንድ ሰው ስም ብቻ አስቀርቼ፣ ነገርኋት።

ያኔ የመጀመሪያ ልጄን፣ የእሷን እናት፣ ገና ጡት ማስጣሌ ነበር። ችግኝ ጣቢያው ሲከፈት ከገጠሩም ከከተማውም ሴቶች ተቀጠርን። ሥራችን አፈር መንፋት ነበር፤ የጫካ አፈር፣ የወንዝ አሸዋና የደረቀ ፍግ ቀላቅለን በወንፊት እንነፋና በትንንሽ ላስቲክ እንሞላለን። ላስቲኮቹን በረድፍ በረድፍ እንደረድራለን፤ አንዱ ረድፍ መደብ ይባላል። እያንዳንዷ ሴት የራሷ መደብ አላት። ፅድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። ዘሩ ሲበቅል መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነች አረንጓዴ ነገር ብቅ ትላለች፤ ያቺን ያየ ሰው ልጁ ጥርስ ያወጣለት ያህል ነው የሚደሰተው።

ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ከኅዳር ወዲያ ባለው ወራት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ጣታችን ቆርፍዶ ላስቲኩን መያዝ ያቅተናል። ከዚያ ፀሐይዋ ከገደሉ ማዶ ብቅ ስትል ሁላችንም ሥራ ትተን ፊታችንን ወደ እሷ እናዞራለን፤ ማንም አይቆጣንም ነበር። አሁንም ፀሐይ ስሞቅ የዚያ አፈር ሽታ ይመጣብኛል። እርጥብ፣ ትንሽ የሚጎመዝዝ፣ ፍግ ፍግ የሚል ሽታ ነው። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል እንጂ ከሽቶ አብልጬ እናፍቀዋለሁ።

ዘይነባ ጎረቤቴ ነበረች፤ የመደብ ጎረቤቴ ማለቴ ነው። የመጣችው ከከላላ በኩል ነው። ረጅም፣ ፍንጭት፣ ሳቋ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ። በየጠዋቱ ችግኞቿን «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ሰላምታ ሳትሰጥ ውሃ አታጠጣም።

«የእኔዎቹንስ?» እላታለሁ።

«ያንቺዎቹማ እንደ እናታቸው አጫጭር ናቸው፤ ጎንበስ ብዬ ሰላም ስል ወገቤን ያመኛል።»

እናቷ የሰደዱላትን ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በቅል ይዛ ትመጣና እኩል ታካፍለኛለች። ጾም ላይ ስሆን የእኔን ድርሻ በቅጠል ሸፍና ታቆይና «ጌታሽ ሲፈታሽ ትበያለሽ» ትለኛለች። እኔ እታፈራሁ ክርስቲያን ነኝ፤ አባቴ ግን ሙሄ ነው ስሙ። በእኛ አገር ይህ ማንንም አይደንቅም።

ከሥራችን ሁሉ የምናፍቀው አንድ ልማድ አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር የምለው ነው፤ ዛሬ ግን የትም አላየውም። በዒድና በአረፋ የእስላሞቹን መደብ እኛ እንይዛለን፤ በጥምቀትና በፋሲካ የእኛን እነሱ ይይዙልናል። ማንም አላዘዘንም፤ እኛው ነን ያበጀነው። አያያዙም ሥርዓት ነበረው። ወደ በዓሉ የምትሄደው ሴት ከመደቧ ቁንጥር አፈር ታነሳና በምትቀረው ሴት መዳፍ ላይ «አደራ» ብላ ታስቀምጣለች። ተቀባይዋ መዳፏን ትጨብጥና «አደራሽን ይዣለሁ» ትላለች። አፈሩን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ትውላለች። በዓሉ ሲያልፍ ባለመደቧ ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣና አፈሯን ትቀበላለች። ሥጋ ብቻ ነው የማንካፈለው፤ ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር። ችግኝ ቢደርቅ «የማን ተራ ነበር» ተብሎ አይጠየቅም ነበር፤ አፈሩን የቋጠረችው ራሷ አስቀድማ ትናገራለች። «አጠጣጤ በዛ፣ ሥሩን አበሰበስሁት» ብላ። ተነግሮ ያልቃል፣ ይታረማል፣ ይሳቃል።

የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ አያሌው ነበሩ። የከተማችን ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በደሉን ብቻ ጽፌ ደግነታቸውን ብተው እኔም ፍርድ ገመደልሁ። አንዲት ሠራተኛ እዚያው መደቡ መሀል ምጥ ሲይዛት በገዛ በቅሏቸው ጭነው፣ ራሳቸው በእግር እየሮጡ ጤና ጣቢያ ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ግን ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ አንድ ዓመል አወጡ። የጣቢያውን ሴት ሁሉ የቤታቸው ሴት አድርገው ማየት ጀመሩ። አንዷን እንጨት፣ አንዷን ውሃ፣ አንዷን ገበያ። እኛም «እምቢ» ማለት ነውር መስሎን እንሄዳለን።

በዚያ ዓመት የከተራ ዕለት እኩለ ቀን ላይ አፈሬን ለዘይነባ ሰጠኋት። «አደራ» አልኋት። «አደራሽን ይዣለሁ። ሂጂ፣ ተቀቢ፣ ጨፍሪ፤ አብሽሪ» አለችኝ። ጥር የውርጭ ወር ነው፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል ከሳር የተጎነጎነውን ክዳን መደቡ ላይ ማልበስ ግድ ነው። የእሷ መደብ ከትልቁ ወይራ ሥር ስለሆነ ዛፉ ራሱ ይከልለዋል። የእኔ ግን ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፣ ለውርጭ የተጋለጠ።

ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ፣ ከሴቶች ጋር እልል እያልሁ ታቦቱን ልሸኝ ስወጣ፣ በጋሽ አያሌው ደጅ ሳልፍ ዘይነባን አየኋት። እንስራ አዝላ ወደ ግቢያቸው ትገባለች።

«አንቺ! መደቡስ?» አልኋት።

«ጋሼ ላኩኝ። እንግዳ መጥቶባቸው ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ክዳኑን እኔ አስከድናለሁ፣ አንቺ ሂጂ አሉኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኃላፊው ናቸው ያሉኝ። ከኃላፊ በላይ ማንን ልጠይቅ? ይልቅ ሂጂ፣ ታቦቱ ጥሎሽ ሄደ!»

ፀሐይዋ ገና ነበረች። ሄድሁ።

በዓሉ አልፎ ድፎዬን በነጠላ ጠቅልዬ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ከሩቅ መደቤ ጠቁሮ አየሁት። ቀረብሁ። የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ፅዶቼ፣ እንደዚያ በጣቴ እየለካሁ ያሳደግኋቸው፣ ቡናማ ሆነው አንገታቸውን ደፍተዋል። ክዳኑ ከጎን እንደተጠቀለለ ነው። ከወይራው ሥር ያለው የዘይነባ መደብ አረንጓዴ እንደሆነ አለ።

ዘይነባ ከመደቤ ራስጌ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። «ሁለት እንስራ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ሽንኩርት፣ ከዚያ ዕቃ ማጠብ። ክዳኑን ሰው ልከው አስከድነዋል ብዬ ነው።» ለካ ጋሽ አያሌው ከእንግዳው ጋር ወሬ ሲይዙ ረስተውታል። መርሳት የሰው ነው። እኔ ስለ መርሳታቸው አይደለም የምጽፈው።

ወሬው ወደ ላይ ደረሰና ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጣ፣ ከወይራው ሥር ስብሰባ ተጠራ። ከስብሰባው በፊት ዘይነባ እጄን ይዛ ወደ ወንዙ ወሰደችኝ።

«ስማቸውን እንዳትጠሪ» አለችኝ።

«አብደሻል? ያባርሩሻል እኮ!»

«ቤታቸው ገብቻለሁ። ሚስታቸው ዳቦ ቆርሰው በእጃቸው አጉርሰውኛል። ዳቦውን በበላሁ ማግስት፣ በሚስታቸው አገር፣ በሚያዝዟቸው ሴቶች ፊት አላዋርዳቸውም። ራሳቸው ይናገራሉ።»

«ባይናገሩስ?»

«ሰው አይደሉም እንዴ? ይናገራሉ።»

ካልማልሽልኝ አልሄድም አለች። በአባቴ በሙሄ አጥንት አስማለችኝ። ማልሁ።

አሁን ይህን የሚያነብ ወጣት «ሞኝ ናት» ይል ይሆናል። መቅደስም እንዲሁ አለችኝ። ግን በእኛ አገር የበሉበትን ቤት ገመና በአደባባይ ማውጣት ከስርቆት አይተናነስም። ዘይነባ ለጋሽ አያሌው በሩን ከፍታ ነው የጠበቀቻቸው፤ በገዛ እግራቸው እንዲገቡ። እሳቸው ግን በዚያው በር ወጥተው ሄዱበት።

የመጣው ሰው ጠየቀ። «ይህን መደብ በአደራ የያዘችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ዘይነባ ተነስታ።

«ታዲያ የት ነበርሽ?»

 ወደ ጋሽ አያሌው አየች። እሳቸው ወደ ወንዙ ያያሉ።

መሐላው ስም እንዳልጠራ እንጂ እንዳልጠይቅ አላሰረኝም። ተነሳሁ። «ማን ላካት? ብላችሁ ጠይቁ!» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ እንጂ ሁሉም ሰማኝ።

ሰውዬው ወደ እሷ ዞረ። «ማን ላከሽ?»

«የላከኝ ሰው እዚሁ አለ» አለች። «እሱ ይናገር።»

«ስም ጥሪ።»

«አልጠራም።»

ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።  ዘይነባ ፊቷ በራ፣ ወላሂ በራ፤ እስካሁን ይታየኛል። እሳቸውም «ውርጭ ነው እንግዲህ» አሉ። «ውርጭ ሰው አይመርጥም።»

አንዷ ከኋላ፣ ማን እንደሆነች አልጽፍም፣ ሞታለች፣ «እንዴት አይመርጥም? የራሷን ትቶ የክርስቲያኗን አቃጠለ» አለች። ያ ቃል ነው ሁሉንም ያበላሸው። ከዚያ ወዲህ የጋሽ አያሌው መርሳት የዘይነባ ተንኮል ሆነ፤ የዘይነባ ተንኮል ደግሞ የእስላም ተንኮል። ገበያ ሲደርስ ጭራሽ ሌላ ታሪክ ሆኖ ነበር።

ዘይነባን አሰናበቷት። የምትሄድ ቀን ወደ ደሴ በሚጭነው መኪና ላይ ስትሳፈር ሸኘኋት። የሻሿን ጫፍ አሳየችኝ፤ አፈሬ እንደተቋጠረ ነው።

«አደራው ገና አልተፈታም» አለችኝ። «እሳቸው የተናገሩ ቀን አምጥቼ እመልስልሻለሁ።»

በቀጣዩ ዒድ እኛ ክርስቲያኖቹ እንደ ልማዳችን መዳፋችንን ዘርግተን ወደ እስላሞቹ ሄድን። «ግድ የለም፣ በረካ ሁኑ፣ እኛው በየተራ እንይዘዋለን» አሉን። በጨዋነት ነው ያሉን፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በፋሲካ እኛም አልጠየቅናቸውም። ከዚያ በኋላ ማንም ጥፋቱን ቀድሞ አልተናገረም። ችግኝ በደረቀ ቁጥር ውርጭ ነው፣ ተባይ ነው፣ ቀደር ነው፣ የአርባ ቀን ዕድሉ ነው። ለሁሉም ስም ነበረው፤ ከሰው ስም በቀር።

ዘይነባ ጅዳ ገባች። የሰው ልጅ አሳደገች፣ የሰው ቤት አጠበች። እርጅናዋን ይዛ ተመልሳ አሁን ደሴ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ላያት ሄጄ አውቃለሁ፤ እሷ ግን መካነ ሰላምን አትረግጥም። ሐሙስ ሐሙስ በስልክ እንገናኛለን። ንግግራችን እንደ ዱዓ ነው፤ አይለወጥም።

«አፈሬ አለ?» እላታለሁ።

«አለ። ጋሼስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ተናገሩ?»

«አልተናገሩም።»

«ቆይ፣ ይናገራሉ» ትላለች። ዘንድሮም «ይናገራሉ» ትላለች! አንዳንዴ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለእሷ ልብ አለቅሳለሁ።

እኔ ግን ዝም አላልሁም። ስም መጥራት ባልችል መጠየቅ እችላለሁ። ጋሽ አያሌውን ገበያ ባገኝ፣ ሰርግ ባገኝ፣ ለቅሶ ቤት ባገኝ፣ ጉልበት ስሜ፣ ጤናቸውን ጠይቄ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ማን ላካት?» እላቸዋለሁ። መንገድ ይቀይራሉ። ጡረታ ወጡ፤ ጠየቅሁ። ሚስታቸው ሞቱ፤ አልቅሼ፣ አፈር አልብሰን ስንመለስ አልጠየቅሁም፣ በአርባቸው ግን ጠየቅሁ። አንድ ሰርግ ላይ ትዕግሥታቸው አለቀና «አንቺ ሴት! ውርጭ ሆነሽ ዕድሜ ልኬን የምታሳድጂኝ ምን አድርጌሽ ነው?» አሉኝ። «ምንም። ጠየቅሁ እንጂ ምን አልሁ?» አልኋቸው። የከተማው ልጅ «እማማ ማን ላካት» ብሎ ይጠራኛል። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ስሙ ብቻ ቀረ። ይጥሩኝ። ቢያንስ ጥያቄው አልሞተም።

ለመቅደስ የነገርኋት ይህንን ነው። ምስሩ አልቋል። ሰፌዱን ከጭኔ አነሳችና «ታዲያ እኔ ጥፋቱ የኔ ነው ብል ይቀጡኛል እኮ» አለች።

«ይቀጡሽ ይሆናል።»

«እንዲህ ቀለል አድርገው!»

«ቀላል አላልሁም። የእኔ ቢሆን ሌላ ሰው እንዲቀጣበት አልተውም ነው የምልሽ።»

በማግሥቱ አብሬያት ወረድሁ። ጉልበቴ ቁልቁለቱን አይወደውም፤ ግን ሄድሁ። ወይራው አርጅቶ አንድ ጎኑ ደርቋል፣ ሥሩ ግን ጥላ አለ። ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ፤ ወጣቶች፣ ግማሾቹ ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች። መቅደስ ድምጿ እንደ እኔ ያኔ ተንቀጠቀጠ። «ሳሩን ማሳጨድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አላሳጨድሁም፤ ነገ ነገ ስል ቀረ። ለአለቃዬ ውርጭ ነው ብያለሁ፤ ውሸት ነው። ደውዬ አስተካክላለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንም እንዳይወቀስ።»

 ከዚያ አንዷ «እኔም ማታ ማታ ነበር የማጠጣው፤ እርጥቡን ነው ውርጩ የያዘው። ጠዋት ማድረግ ነበረብኝ» አለች። ሌላዋ «ሳር ከገደሉ ጀርባ አለ፤ ዛሬ ብንሄድ አይሻልም?» አለች። ማጭዳቸውን ይዘው እየተሳሳቁ ሄዱ። እኔ ግንዱን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ። ዘይነባ ያልሰማችውን ነገር እኔ ስለሰማሁ ደስ አለኝ፤ እሷ ስላልሰማችው ደግሞ ሆዴ ባባ።

አለቃዋ በስልክ ጮኸባት። ማስጠንቀቂያም ሰጣት። አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ እራቷን በላች። ወሬው ግን ከተማውን ዞረ። «አንዲት ኃላፊ በሠራተኛ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው አለች» ተብሎ እንደ ጉድ ተወራ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከገበያ ስመለስ ጋሽ አያሌው ደጃፋቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። እግሬን ሲሰሙ እንደ ሁልጊዜው ወደ ግቢ ይገባሉ ብዬ ነበር። አልተነሱም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«እታፈራሁ ነሽ?»

«ነኝ ጋሼ። እንደምን ዋሉ?»

«ያቺ የልጅሽ ልጅ፣ እውነት በሰው ፊት ጥፋቱ የኔ ነው አለች?»

«አለች።»

«ከዚያስ? ሠራተኞቹ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ሳር ሊያጭዱ ሄዱ።»

«አልሳቁባትም?»

«አልሳቁባትም።»

«አልናቋትም?»

«ኧረ ምን በወጣት! ዛሬ ጠዋት እንዲያውም አንዷ እስላም ሴት ስለ መጪው ፋሲካ አንስታ፣ እናንተ ስትሄዱ መደባችሁን እኔ እይዝላችኋለሁ ብላቸዋለች።»

 ጋሽ አያሌው በእጃቸው የቁርበቱን ጠጉር ወደ ፊት ይደባብሳሉ፣ ወደ ኋላ ይደባብሳሉ።

«ይኸው ብቻ ነው?» አሉ ቆይተው። «ይኸው ብቻ ነበር?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

ከዓይናቸው ውሃ ወረደ። ፀሐይዋ ትሁን ሌላ አላውቅም። ቅርጫቴን አስቀምጬ ከቁርበቱ ጫፍ ተቀመጥሁ። ዕድሜ ልኬን በእልህ የጠየቅሁትን በዚያች ቀን በቀስታ ጠየቅኋቸው፣ ለታመመ ሰው ውሃ እንደሚሰጥ።

«ጋሼ፣ ማን ላካት?»

«እኔ ነኝ የላክኋት» አሉኝ። «እኔ ነኝ። አስከድናለሁ ብዬ የረሳሁትም እኔ ነኝ። ስልኳ አለሽ አይደል? ደውይላት፤ በገዛ አፌ ልንገራት፣ ያቺን አፈር ይዛ ትምጣ።»